ከተኩሱ በኋላ

ሌሊት በሩን ሰብሮ፣ ጩቤ ጨብጦ የገባበትን ሰው በጠመንጃው ተኩሶ የጣለ አንድ ገበሬ እናስብ። ልጆቹ ጓዳ ውስጥ ይንቀጠቀጣሉ። ከፊቱ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ጫካ መግባት፣ ሌላው ፖሊስ አስጠርቶ መጠበቅ። የሟች ወገን ደሙን እንዳይመልስበት ለሚፈራ ሰው ጫካው ይቀርበዋል። የሸሸ እንደሆነ ግን ራሱን የመከላከሉን እውነት በገዛ እግሩ ይረግጠዋል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ጥቃቱን በሌላ መንገድ ለማስወገድ ያልቻለንና ከአደጋው ልክ ያላለፈን ተከላካይ አይቀጣም። ልኩን ግን ማን ይመሰክራል? ሟች አይናገርም።

የሕሊና ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ለተያዘ ሰው ያለመናገር መብት ሰጥቶታል። «ንጹሕ ሰው ለምን ዝም ይላል?» የሚሉ አሉ፤ እኔም እንዲህ እል ነበር። ነገር ግን በድንጋጤ ላይ ሳለ ሦስት ጊዜ መተኮሱን «ሁለት» ብሎ የተናገረ ሰው፣ ቀለሁ ሲቆጠር ስሕተቱ እንደ ውሸት ይያዝበታል። «የተኮስኩት እኔ ነኝ፤ የቀረውን ጠበቃ ካማከርኩ በኋላ እናገራለሁ» ቢል እውነትን አልካደም።

የወደቀውን ጩቤ አንሥቶ ወደ ሟች እጅ ያስጠጋ እንደሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ይህ ዝምታ ሳይሆን ስለ ሟች በሐሰት መመስከር ነው። ሟችም እናት አለችው።

ከሁሉ የሚከብደው የልጆቹ ነገር ነው። ፖሊስ እነርሱንም መጠየቁ አይቀርም። አባት እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ «እንዲህ በሉ» ሳይል አጠገባቸው መቀመጥ ይኖርበታል።