እንግዳው መምህር ለማን ይስገድ?

በኮሪያ ልማድ በሕይወት ላለ ሽማግሌ አንዴ ይሰገዳል፤ ለሞተ ሁለቴ፤ በቡድሃ ምስል ፊት ሦስቴ። እንግሊዝኛ ሊያስተምር የሄደ የውጭ ዜጋ ይህን ቆጠራ እስኪያውቅ ጊዜ ይወስድበታል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያልቁት በሌላ ጉዳይ ነው፦ የአንድ ዓመት ውል፣ አሠሪው የሚሰጠው ጠባብ ቤት፣ በ90 ቀን ውስጥ መውጣት ያለበት የነዋሪነት መታወቂያ፣ ማታ ማታ ተማሪ የሚጎርፍበት «ሀግዎን» የተባለው የግል ማስጠኛ። ጫማውን ደጃፍ ላይ ማውለቅና ዕቃ በሁለት እጅ መቀበልም ይለምዳል። (በሁለት እጅ መቀበሉ ለሐበሻ አዲስ ባልሆነ ነበር፤ የእንግሊዝኛ መምህራኑ ቪዛ ግን በዋናነት ለሰባት አገሮች ዜጎች የተተወ ነው፤ ኢትዮጵያ የለችበትም።)

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው በመኸር በዓል፣ በቹሶክ ነው። ባልደረባው ቤቱ ይጋብዘዋል። ለሞቱት አያቶች ማዕድ ተዘርግቷል፤ ሩዝ፣ ዓሣ፣ ፍራፍሬ፣ መጠጥ። ቤተሰቡ ግንባሩን ወደ ወለሉ ዝቅ አድርጎ ይሰግዳል። ቀጥሎ ዓይን ሁሉ ወደ እንግዳው ይዞራል። ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ቢሆንስ?

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመን መልሱ በእጁ ያለ ሊመስለው ይችላል፤ የአምልኮ ስግደት ለፈጣሪ ብቻ ነው፣ የአክብሮት ስግደት ግን ለሌላም ይደረጋል። ታዲያ ድንበሩን የሚያሰምረው ማን ነው? ሰጋጁ በልቡ፣ ማዕዱን ያቀረበው ቤተሰብ፣ ወይስ «ስገድ» ብሎ የሚያዘው?

ኮሪያ በዚህ ጥያቄ ደም ፈሶባታል። በ1791 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዩን ጂቹንግ የተባለ ካቶሊክ ምሁር በጆንጁ ከተማ አንገቱን ተቀላ። ጥፋቱ የአያቶቹ ስም የተጻፈባቸውን ሰሌዳዎች ማቃጠሉና እናቱ ስትሞት የሙታኑን ሥርዓት አልፈጽምም ማለቱ ነበር። ሮም ሥርዓቱን በ1742 አጥብቃ ከልክላለች፤ በ1939 ደግሞ የአክብሮት ወግ ነው ብላ ፈቀደች። በ2014 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ሴኡል ድረስ ሄደው የዩንን ብፅዕና አወጁ። እሱ የሞተለትን እምቢታ የዛሬው የኮሪያ ካቶሊክ አይጠየቅም፤ ቢሻው ይሰግዳል። ሰውየው በከንቱ ሞተ ማለት ግን አይቻልም፤ በዘመኑ አልሰግድም ማለት እንደ አመፅ ይቆጠር ነበርና።

ለመምህራን ይበልጥ የሚቀርበው የ1930ዎቹ ታሪክ ነው። የጃፓን ቅኝ ገዢዎች ተማሪና አስተማሪ በሺንቶ፣ ማለትም በጃፓን ነባር ሃይማኖት፣ መቅደሶች ፊት እንዲሰግድ አዘዙ፤ ይህ የዜግነት ግዴታ እንጂ ሃይማኖት አይደለም ሲሉም አስረዱ። በፒዮንግያንግ የሱንግሲል ኮሌጅ ኃላፊ የነበረው አሜሪካዊው ጆርጅ ማክዩን እምቢ አለ፤ በ1936 ከሥራው ተነሥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ኮሌጁም በ1938 ተዘጋ። በሴኡል የዮንሂ ኮሌጅን ይመራ የነበረው ሆራስ ሆርተን አንደርውድ ግን የመንግሥትን ማብራሪያ ተቀበለ፤ ትምህርት ቤቱ ከሚዘጋ ሥርዓቱን እንደ አገር ወግ መቁጠር ይሻላል ባይ ነበር። ሁለቱም ሚስዮናውያን፣ ሁለቱም ፕሬስቢቴሪያን ናቸው፤ የሚያነቡትም አንድ መጽሐፍ ነው።

መጽሐፉ ራሱ ለሁለቱም ይመሰክራል። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል በባቢሎን ለወርቁ ምስል ከመስገድ እሳቱን መረጡ። ሶርያዊው ንዕማን በበኩሉ ጌታው በጣዖቱ በሬሞን ቤት ሲሰግድ አብሮ ማጎንበሱ ይቅር እንዲባልለት ጠየቀ፤ ኤልሳዕም በሰላም አሰናበተው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጉልበቱ መታጠፍ አይደለም። የባቢሎኑ ስግደት የታወጀው ሰው ሁሉ ለንጉሡ መገዛቱ እንዲታይ ነው፤ ንዕማን ላይ ግን እንዲህ ያለ ዐዋጅ አልወጣበትም። በዚህ ሚዛን ማክዩን ልክ ነበር ማለት ይቻላል። «ሃይማኖት አይደለም» እያለ እምቢ ያለውን የሚያባርር መንግሥት የሚፈልገው ኅሊናን እንጂ ወግን አይደለም።

ነገሩን የሚያከብደው ሌላ ጎን አለ። ማክዩን የሚመለስበት አገር ነበረው። የፒዮንግያንጉ ፓስተር ጁ ጊቾል አልነበረውም፤ በ1938 የኮሪያ ፕሬስቢቴሪያን ጠቅላላ ጉባኤ በፖሊስ ፊት ስግደቱን ሲያጸድቅ እሱ አልተበገረም፤ በ1944 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። እንግዳ እምቢ ሲል የሚያጣው ሥራውን ነው፤ ተማሪው ግን እዚያው ይቀራል። አንደርውድን ፈሪ ብሎ ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው ይህንን ማሰብ አለበት።

የዛሬው የቹሶክ እንግዳ ጭንቀት ከዚያ ጋር አይወዳደርም። አልሰግድም ቢል ማንም ውሉን አይቀድበትም። ደግሞም የኮሪያ ቤተሰብ ራሱ በጉዳዩ አንድ ልብ አይደለም፤ ብዙ ፕሮቴስታንቶች የማዕዱን ስግደት ትተው በመታሰቢያ ጸሎት ተክተውታል። በአንድ ሳሎን ውስጥ ታላቅ ወንድም ሲሰግድ ታናሽየው እጁን አጣምሮ ጥግ ሊቆም ይችላል፤ እንግዳው ባልደረባውን አስቀድሞ ቢጠይቅ ከማን ጎን መቆም እንደሚችል ይነገረዋል።