ግማሽ ሸክላ

ጓደኞቹ በየፊናቸው ሄደውበት ግማሽ ሥራ እጁ ላይ ለቀረ ሰው አንድ ታሪክ አለኝ። ታሪኩ የሆነ ነው። እንደ ምሳሌ የምተርከው በየማኅበሩና በየመሥሪያ ቤቱ ሲደገም ስለማየው ነው።

በእንግሊዝ አገር በርሚንግሃም የምትባል፣ ብረት ስትቀጠቅጥ የኖረች ከተማ አለች። ሄቪ ሜታልን ለዓለም ያስተዋወቀው ብላክ ሳባዝ የተባለው ባንድ የዚህችው ከተማ ልጅ ነው፤ የጊታር ተጫዋቹን የቶኒ አዮሚን ጣቶች ጫፋቸውን የቆረጣቸው የብረት ፋብሪካ ማሽን ነበር። ከከተማዋ ወጣ ብላ በምትገኘው በሜሪደን መንደር፣ በፈረንጆቹ 1981፣ ጎረምሶች ባንድ አቋቋሙና ናፓልም ዴዝ አሉት።

ኦገስት 1986 ላይ ሦስት ልጆች በርሚንግሃም ውስጥ አንድ ስቱዲዮ ገቡ። የሚዘፍነውና ባስ የሚመታው ኒክ ቡለን ከባንዱ መሥራቾች አንዱ ነው። ጊታሩን ጀስቲን ብሮድሪክ፣ ድራሙን ሚክ ሃሪስ ያዙ። ከመካከላቸው ሃያ ዓመት የሞላው አልነበረም። 50 ፓውንድ ገደማ ከፍለው በአንድ ሌሊት 12 ዘፈን ቀዱ። ሃሪስ እጁንና እግሩን እያፈራረቀ ድራሙን የሚወርድበት ፍጥነት ጆሮ ምቱን ከምቱ መለየት እስኪያቅተው ድረስ ነበር፤ ዛሬ የሙያው ሰዎች ብላስት ቢት ይሉታል። ከ12ቱ የመጨረሻው ዘፈን 1.316 ሴኮንድ ብቻ ይፈጃል፤ በዓለም አጭሩ ዘፈን ተብሎ በጊነስ መዝገብ ተጽፏል። ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ያነሳዋል። እኔ ግን ስለ ሰው ሥቃይ በአራት ቃል የተጠየቀ፣ መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ ሆኖ ነው የሚሰማኝ።

የመክፈቻው ዘፈንም ለድኾች አገሮች ረኃብ ግዙፍ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎችን ይከሳል። የእኛ የ1977ቱ ረኃብ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየ ያኔ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ስለ እኛ ጻፉት አልልም። አገሩ ሁሉ እርዳታ ሲያሰባስብ በከረመበት ዘመን «ማን አስራባቸው?» ብሎ የጮኸን ጎረምሳ ግን አክብሬ እሰማዋለሁ።

የዚያ ሌሊት ቴፕ ወዲያው ሸክላ አልሆነም። ከሌላ ባንድ ጋር አንድ ሸክላ ሊካፈሉ ያሰቡት ሳይሳካ ቀረ። ብሮድሪክ ወደ ሌላ ባንድ ሄደ። ቀጥሎ ቡለን፣ ያቋቋመውን ባንድ ጥሎ ወጣ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚወራው ወሬ አንድ ዓይነት ነው፤ «አበቃለት» ይባላል፣ የሄደው ይታማል፣ የቀረው ይታዘንለታል።

ሃሪስ ቴፑን ይዞ ኖቲንግሃም ላለው ለዲግቢ ፒርሰን ሰጠው። ፒርሰን ኢርኤክ የተባለ ገና ጀማሪ የሸክላ አሳታሚ ነበረው። ያለው ቀረጻ ለአንድ ፊት ይበቃል፤ ሁለተኛው ፊት ባዶ ነው። ስለዚህ አዲስ ሰው ተፈለገ። ኮቨንትሪ ላይ ኮንሰርት ያዘጋጅ የነበረው ሊ ዶሪያን ከዚያ በፊት በየትኛውም ባንድ ሳይዘፍን ድምፃዊ ሆነ። ጊታር ቢል ስቲር፣ ባስ ጂም ዋይትሊ ያዙ። ሜይ 1987 እዚያው ስቱዲዮ ተመልሰው 16 ዘፈን ቀዱ።

ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ሌላ መንገድ ክፍት ነበር። አዲሶቹ የመጀመሪያዎቹን 12 ዘፈኖች በራሳቸው ድምፅ እንደ አዲስ ቀድተው አልበሙን ሙሉ በሙሉ የእኛ ነው ማለት ይችሉ ነበር። ስንት ሹመኛ ወንበሩ ላይ በተቀመጠ ማግስት የቀድሞውን ሰው ሥራ ጠርጎ ይጥላል! ልጆቹ ግን የሄዱትን ድምፅ እንዳለ ተዉት። ዶሪያንም እንደ ቡለን ልዝፈን አላለም፤ በራሱ ጉሮሮ ጮኸ። ሸክላውን ገልብጦ የሚሰማ ሰው ስፌቱን ያገኘዋል፤ ሁለተኛው ፊት ይበልጥ ይጣደፋል፣ ድምፁም ሌላ ነው። የሽፋኑን ሥዕል የሳለው ጄፍ ዎከር በስቲር ሌላ ባንድ በካርካስ ውስጥ የሚጫወት ነበር። በሸክላው ላይ የእያንዳንዱ ፊት ተጫዋቾች ስም ለየብቻ ሰፈረ። በሁለቱም ፊት የሚገኝ ስም አንድ ብቻ ነው፤ የድራመሩ።

«ስከም» የተባለው ይህ አልበም ጁላይ 1987 ወጣ። 28 ዘፈን በ33 ደቂቃ። የሬዲዮ አቅራቢው ጆን ፒል በቢቢሲ ሬዲዮ 1 አጫወተላቸው፣ በዚያው ዓመትም ለፕሮግራሙ እንዲቀዱ ጋበዛቸው። ግራይንድኮር የሚባለው የሙዚቃ ዘርፍ ዛሬም መነሻው ሲጠየቅ ይህ አልበም ይጠራል።

የሄዱትም በየሄዱበት ሠሩ፤ ብሮድሪክ ጎድፍሌሽን አቋቋመ። ሁለተኛውን ፊት የሞሉትም በተራቸው ወጡ፤ ስቲር ከካርካስ ጋር ቀጠለ፣ ዶሪያን ካቴድራልን መሠረተ። ሁሉን ያሻገረው ሃሪስም በ1991 ለቀቀ። ናፓልም ዴዝ ግን አልፈረሰም። ዛሬ መድረክ ላይ ከሚወጡት አንዳቸውም በዚያ አልበም ላይ አልተጫወቱም፤ ከሁለቱም ፊት ዘፈኖች ግን እስከ አሁን ይጫወታሉ።