ያልጣመን ምግቡ ነው ወይስ ምላሳችን?



ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ! በቀደም እናቴን፣ ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ቦሌ አካባቢ ስሙ ወደገነነ የቻይና ምግብ ቤት ሄድኩ። ሥጋውን ስለተጠራጠርን ዓሣና ሩዝ አዘዝን። ዘገየ፤ ሲመጣም ቀዝቅዟል፣ ለልጆቹም አልበቃም። ሂሳቡ ግን የወር አስቤዛችንን ሊያህል ምንም አልቀረው። ቤት እስክንገባ አጉረመረምኩ።

እናቴ «ልጄ፣ እኔ ሁላችሁንም በአንድ ማዕድ ስላየሁ ጠግቤያለሁ፤ አልሐምዱሊላህ» አለችኝ። አፈርኩ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን አነውረው እንደማያውቁ፣ ካሰኛቸው እንደሚበሉ፣ ካላሰኛቸው እንደሚተዉት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ጉድለቱን ለአስተናጋጁ በጨዋ ቃል መንገር ሐቅህ ነው። እኔ ግን ለእሱ ዝም ብዬ፣ ምሬቴን ያራገፍኩት በቤተሰቤ ላይ ነው። ያን ቤት የመረጥኩትም ለስሙ ነበር። አላህ (ሱ.ወ) ደግሞ በሱረቱል አዕራፍ አንቀጽ 31 መብላት መጠጣትን ፈቅዶ ማባከንን ከልክሎናል።

ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት ስትመለስ፣ ቤት ያፈራውን ቢስሚላህ ብለህ ከቤተሰብህ ጋር ብላ። እናት ያለችበት ማዕድ ሁልጊዜ አይገኝም።

ሰለዋት እናብዛ። ጁሙዓ ሙባረክ!