ለማን እንታዘዝ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ስለ ሐሰት ትምህርት በተነሣ ቁጥር ዓይናችን ወደ ውጭ ይመለከታል፤ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ሰባኪ፣ የማናውቀው መጽሐፍ፣ የማናውቀው ጉባኤ ይታየናል። ስለ መታዘዝ ሲነገረን ደግሞ አንገት ደፍቶ «እሺ» ማለት ብቻ ይመስለናል። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 የተጻፈው የአንድ የእግዚአብሔር ሰው ታሪክ ግን ሁለቱንም አሳቦች ያርምልናል።

የዚህ ሰው ስም አልተጻፈም። ከይሁዳ ተልኮ ወደ ቤቴል መጣ። በቤቴል ንጉሡ ኢዮርብዓም ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም እንዳይወጣ ብሎ የወርቅ ጥጃ አቁሞ ነበር። የእግዚአብሔር ሰው በንጉሡ ፊት ቆሞ በመሠዊያው ላይ የሚመጣውን ፍርድ ተናገረ። ንጉሡ «ያዙት» ለማለት የዘረጋት እጅ ደረቀች፤ በእግዚአብሔር ሰው ጸሎትም ዳነች። ከዚህ በኋላ ንጉሡ ወደ ቤቱ ገብቶ እህል እንዲቀምስና ስጦታ እንዲቀበል ለመነው። እርሱ ግን የቤቱን እኩሌታ ቢሰጠውም እንኳ እንደማይገባ ነገረው። በዚያ ስፍራ እህል እንዳይበላ፣ ውኃ እንዳይጠጣ፣ በመጣበትም መንገድ እንዳይመለስ ከእግዚአብሔር ታዞ ነበርና።

እስከዚህ ድረስ ጀግና ነው፤ ቁጣም ስጦታም አልበገሩትም። ነገር ግን በመንገዱ ላይ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ሽማግሌ ነቢይ በአህያ ተከትሎ ደረሰበት። ሽማግሌው እርሱም ነቢይ መሆኑን፣ ወደ ቤቱ መልሶ እንዲያበላውም መልአክ እንደ ነገረው አወራለት። ነገሩ ውሸት ነበር። ያ ንጉሥን እንቢ ያለ ሰው ለሽማግሌው እሺ አለ፤ ተመለሰ፤ በላ፤ ጠጣ። ገና ከማዕድ ሳይነሡ ፍርዱ ተነገረው፤ ሲሄድም አንበሳ በመንገድ ላይ ገደለው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንደኛው ነገር የሐሰት ትምህርት ሁልጊዜ በጠላት መልክ እንደማይመጣ ነው። የእግዚአብሔር ሰው ከጣዖት አቁመው ንጉሥ ራሱን ጠብቆ ነበር፤ ከነቢይ ግን ራሱን አልጠበቀም። ሽማግሌው የተናገረው በእግዚአብሔር ስም ነው፤ የጠራውም መልአክ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በገላትያ መልእክቱ ምዕራፍ 1 ላይ ይህንኑ በር ሲዘጋ፣ ከተሰበከው ወንጌል የተለየ የሚሰብክ ከሰማይ የወረደ መልአክ ቢሆን እንኳ እንዳንቀበለው አስጠንቅቋል። ራሱን ጳውሎስንም ከዚህ ማስጠንቀቂያ አላወጣም። እንግዲህ ሐዋርያ ራሱን ለመመዘን ካቀረበ፣ ዛሬ «ራእይ አየሁ፣ ተገለጠልኝ» የሚል ሰው በምን ምክንያት ሳይመዘን ያልፋል?

ሁለተኛው ነገር ብዙዎቻችንን የሚያስቸግር ጥያቄ ነው። የዋሸው ሽማግሌ በቤቱ ሲቀር የተታለለው ለምን ሞተ? መጽሐፉ ሽማግሌውን ንጹሕ ነው አላለም። ፍርዱን በገዛ አፉ እንዲናገር ሆኗል፤ ሬሳውንም በአህያ ጭኖ አምጥቶ አልቅሶ ቀብሮታል። ይሁን እንጂ የእግዚአብሔር ሰው ትእዛዙን የሰማው ከሌላ ሰው አልነበረም፤ ራሱ ተቀብሎታል። ያዘዘው ጌታ ትእዛዙን እንዳልሻረ እያወቀ በሰው ወሬ ሻረው። የሐሰት ትምህርት አስተማሪ ብዙ ጊዜ በአህያው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ አንበሳው የሚያገኘው ተከታዩን ነው።

ይህ የጥንት ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 በጎረቤታችን በኬንያ፣ ሻካሆላ በሚባል ጫካ ውስጥ ከ400 በላይ የሰው ሬሳ ከጉድጓድ ወጥቷል፤ ከነዚህም ሕፃናት ይገኙባቸዋል። ጌታን ለመገናኘት ብለው እስኪሞቱ እንዲጾሙ መምህራቸው አስተምሯቸዋል በማለት ዐቃቤ ሕግ ከሷል። ጾም መልካም ነው፤ መታዘዝም መልካም ነው። ነገር ግን ለሕመምተኛ ጾሙን የምታቀልለት ቤተ ክርስቲያን የምታዘው ጾምና ሕፃን የሚገድል ጾም በስም እንጂ በነገር አንድ አይደሉም። በአገራችንም የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒታቸውን ጥለው በጠበል ብቻ እንዲኖሩ የተነገራቸው ሕሙማን ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። በዚያን ጊዜ መታዘዝ ማለት መድኃኒቱን መዋጥ ነበር።

እንግዲህ «ከመታዘዝ እንራቅ፤ ሁሉንም እንጠራጠር» እንበልን? አይደለም። የእግዚአብሔር ሰው የወደቀው ስለ ታዘዘ አይደለም፤ የፊተኛውን መታዘዝ ስለ ተወ ነው። ጌታችን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ ፈቃዱን ሊያደርግ የሚወድ ሰው ትምህርቱ ከእግዚአብሔር መሆን አለመሆኑን እንደሚያውቅ አስተምሯል። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል፤ መፈጸም ይቀድማል፤ መለየት ይከተላል። ቃሉን የሚኖርበት ሰው፣ የእናቱን እንጀራ እንደሚያውቅ ልጅ፣ እንግዳውን በአፉ ይለየዋል። ቃሉን ሰምቶ ያላደረገው ግን የሚመዝንበት ሚዛን የለውም፤ ጣፋጭ የተናገረውን ሁሉ ይከተላል።

አርዮስን እናስታውስ። የእስክንድርያ ቄስ ነበር፤ ወልድ ፍጡር ነው ብሎ አስተማረ፤ ትምህርቱንም በዜማ አድርጎ በሕዝቡ አፍ ውስጥ አስገባው። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች፣ በትውፊታችን ሠለስቱ ምእት የምንላቸው፣ ትምህርቱን አወገዙ። በዚያ ጉባኤ ከሊቀ ጳጳሱ ጋር የተገኘው አትናቴዎስ ገና ዲያቆን የሆነ ወጣት ነበር። በኋላ በመንበሩ ላይ ተቀምጦ ስለዚህ እምነት አምስት ጊዜ ተሰደደ፤ በስደት የቆየበት ዘመን ሲደመር 17 ዓመት ያህል ነው። ለእኛ ጳጳስ አድርጎ ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ የሾመልን እርሱ ነው። የአርዮሳውያን ደጋፊ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ ፍሬምናጦስ በአትናቴዎስ ፈንታ በተቀመጠው ሰው ፊት ይመርመር ብሎ ጠየቀ። ደብዳቤውን አትናቴዎስ ራሱ በጽሑፉ ውስጥ አኑሮልናል። ለንጉሥ መታዘዝ ይቀላቸው የነበሩ አባቶች ለእውነት ስለ ታዘዙ፣ ቤተ ክርስቲያናችን የኒቅያን ጸሎተ ሃይማኖት ዛሬም ትጸልያለች።

ወንድሞችና እኅቶች፤ በዘመናችን ስብከቱ ሁሉ በስልካችን ውስጥ ነው፤ ብቻችንን በሌሊት እንሰማዋለን። ስለዚህ ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፤ እንደ ቤርያ ሰዎች የሰማነውን ከመጽሐፍ ጋር እናስተያይ። እነርሱ ጳውሎስን በደስታ ተቀበሉት፤ መጻሕፍትንም በየቀኑ መረመሩ፤ ሐዋርያውም አልተቀየማቸውም። መመርመር ንቀት አይደለም። ሁለተኛ፤ አዲስ ነገር ስንሰማ ብቻችንን አንወስን፤ የንስሐ አባታችንን፣ መምህሮቻችንን እንጠይቅ። «ለማንም አትንገር» የሚል ትምህርት ከጅምሩ ያስጠረጥራል። ሦስተኛ፤ ያወቅናትን ትንሿን ትእዛዝ ዛሬ እንፈጽም፤ የተጣላነውን እንታረቅ፤ የወሰድነውን እንመልስ፤ ጸሎታችንን አናስታጉል።

ሽማግሌን ማክበር የአባቶቻችን ሥርዓት ነው፤ አንተወውም። ነገር ግን ማንም ይሁን ማን፣ እግዚአብሔር ያዘዘንን የሚያስጥለን ከሆነ በአክብሮት «አይሆንም» እንበለው። እንዲህ ያለው እንቢታ ራሱ መታዘዝ ነው።

ሰምተን የምናደርግ እንድንሆን አምላካችን ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።