ከባሕር የዳነው አጋዘን

እ.ኤ.አ. በ1922 ከማሳቹሴትስ ጠረፍ ወጣ ብለው የነበሩ ዓሣ አጥማጆች ባሕር መሀል የሚዋኝ አንድ ወንድ አጋዘን አገኙ። ጀልባቸው ላይ አውጥተው ወደ ናንቱኬት ደሴት ወሰዱት። በዚያን ዘመን ደሴቲቱ ላይ አጋዘን አልነበረም። ብቻውን እንዳይቀር በ1926 ከሚሺጋን ሁለት ሴት አጋዘኖች መጡለት። የዛሬዎቹ የናንቱኬት አጋዘኖች ታሪክ ከዚህ ይጀምራል። ደግነት ካላልነው ሌላ ምን እንለዋለን?

በ1969 በዚያው ደሴት አንድ ሰው ታመመ። ደሙ ሲመረመር ባቤዢያ የሚባል፣ እንደ ወባ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የሚራባ ጥገኛ ተሕዋስ ተገኘበት። ሌሎችም ተከተሉ፤ በሽታው «የናንቱኬት ትኩሳት» እስከመባል ደረሰ። የላይም በሽታን ባክቴሪያ ደግሞ ዊሊ በርግዶርፈር ከሌላ ደሴት፣ ከኒውዮርክ ሼልተር ደሴት በተለቀሙ መዥገሮች ውስጥ አገኘው፤ ግኝቱም በ1982 ታተመ። ሁለቱንም ወደ ሰው የምታደርሰው አንድ ዓይነት መዥገር ናት።

በአማርኛ መዥገር ስድብ ነው። ተጣብቆ የማይለቅን ሰው እንሰድብበታለን። የእንስሳዋን ኑሮ ሳነብ ግን ስድቡ የት እንደሚያርፍ ጠፋኝ። ከእንቁላሏ ስትወጣ የላይም ባክቴሪያ የለባትም። የምትይዘው ብዙ ጊዜ ደረቱና እግሩ ነጭ ከሆነ አንድ ትንሽ የዱር አይጥ ነው፤ እሱም ቢሆን ተሸክሞት ይኖራል እንጂ የታመመ አይመስልም። በሚቀጥለው ዓመት፣ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም ሳትበልጥ፣ ሰው ትነክሳለች። ካደገች በኋላ አጋዘን ላይ ወጥታ ትጠግባለች፣ ወርዳም ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ እንቁላል ትጥላለች። አጋዘኑ የላይምን ባክቴሪያ አያስተላልፍላትም፤ የሚያደርገው ማብላት ብቻ ነው። ከአይጥ እስከ አጋዘን፣ ከአጋዘን እስከ ዓሣ አጥማጅ ብንሄድ ጥፋተኛ የሚባል አናገኝም፤ በሽተኛው ግን አለ።

እንዲህ ሲሆን እጃችን የሚቀርበው ላይ ያርፋል፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል። ሜይን ውስጥ ሞንሂጋን በምትባል ትንሽ ደሴት በ1990ዎቹ መጨረሻ አጋዘኖቹ በሙሉ ተገደሉ፤ በቀጣዮቹ ዓመታት መዥገሮቹም ተመናመኑ። መፍትሔው ሠርቷል። ቢሆንም መሥራቱ አጋዘኑን ጥፋተኛ አያደርገውም። እኔ ጥፋትንና ዕዳን ለይቼ ማየት ይቀለኛል። አባት የተበደረውን ልጅ ሲከፍል አጥፍተሃል አይባልም፤ ቤቱን ስለወረሰ ግን ከዕዳው አያመልጥም። የናንቱኬትን ዳርቻ፣ ቁጥቋጦ መሀል የተሠራውን ቤትና ሲነጋ በመስኮት የሚታየውን አጋዘን የወረሰ ሰው መዥገሯንም አብሮ ወርሷል።

በ2016 የኤምአይቲው ኬቪን ኤስቬልት ወደ ደሴቲቱ ሄዶ አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ የአይጦቹን ዘረመል በመቀየር ላይምን የሚከላከልና ለልጅ ልጆቻቸው የሚተላለፍ ኃይል መስጠት። አንዲት አይጥ እንኳ ሳይሠራ አስቀድሞ ነዋሪዎቹን መጠየቁ ደስ ይላል። ነዋሪዎቹም የሌላ ፍጥረት ዘረመል እንዳይቀላቀልበት ፈልገው ዕቅዱ በዚያው መንገድ ተቀረጸ። ያም ሆኖ ክትባትን እምቢ ማለት ይቻላል፤ አይጥን ግን እንዴት እምቢ ይሏል? ከጎረቤት ግቢ ወደኔ ግቢ ስትገባ ፈቃድ አትጠይቅም። አይለቀቅ ብሎ መወሰንም ቢሆን እንዲሁ ለሁሉም መወሰን ነው።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ዶክትሬቱን ከመጀመሬ በፊት ሁለት ሰመር እዚያ ሣር ሳጭድና አጥር ስከረክም ነበር። አንድ ማታ ከጉልበቴ ጀርባ መዥገር አገኘሁ፤ ከሳምንት በኋላ ክብ ቅላት ወጣ፣ ዶክሲሳይክሊን ታዘዘልኝ፣ ዳንኩ። አብረውኝ የሚሠሩት አብዛኞቹ ከጃማይካና ከኤልሳልቫዶር የመጡ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ ቁጥቋጦ ውስጥ የምንውለው እኛ ነን፤ በከተማው ጉባኤ እጁን አውጥቶ የሚወስነው ግን በመራጭነት የተመዘገበ ነዋሪ ነው። በፊት ይህ ያናድደኝ ነበር። አሁን ደግሞ፣ ሁለት ሰመር ሠርቶ የሚሄድ ሰው ከሱ በኋላ ለብዙ ትውልድ ስለሚኖሩ አይጦች ቢጠየቅ ምን መልስ ነበረው እላለሁ። የተነከሰ ሁሉ ይወስን አልልም። ቢያንስ አዳራሹ ውስጥ ገብቶ የት ቦታ፣ ምን ሲሠራ እንደተነከሰ ቢናገር ግን ጉባኤው ስለ ሌላ ደሴት የሚነጋገር ይመስለኛል፤ ከመስኮት ከሚታየው ስለተለየ ደሴት።

አንዳንዴ ያ ጀልባ ይታየኛል። እኔ ብሆንስ? እጎትተው ነበር፤ መዥገሩን፣ አይጡን፣ ትኩሳቱን አውቄም ቢሆን የሚሰምጥ እንስሳ ትቼ የምሄድ አይመስለኝም። ሁለቱን ሴት አጋዘኖች ማምጣት ላይ ግን እጄ ይዘገያል። ያን ጊዜ የሚሰምጥ አልነበረም፤ ለመጠየቅም አራት ዓመት ነበረ።