አደራዋን የመለሰች ደሴት

ቤቴ ልደታ ነው። ማርያም ሲቀደስ የድምፅ ማጉያው በመስኮቴ ይገባል፤ ልሳለም ካልኩም ከኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ወርጄ ጥቂት መራመድ ነው። ለኅዳር ጽዮን ከጉዞ ማኅበራችን ጋር ወደ ዝዋይ ልሄድ ስነሣ እህቴ፣ «ደጅሽ ላይ ማርያም እያለችልሽ ውኃ ተሻግረሽ ምን ልትፈልጊ ነው?» አለችኝ። የዋዛ ጥያቄ አይደለም። ክርስቶስ ራሱ ለሳምራዊቷ ሴት፣ ስግደት በዚያ ተራራም በኢየሩሳሌምም የማይወሰንበት ሰዓት እንደሚመጣ ነግሯታል። እግዚአብሔር በሁሉ ስፍራ ካለ፣ ቦታ ለምን ይቀደሳል?

ዝዋይ፣ የዛሬዋ ባቱ፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከዝዋይ ሐይቅ አምስት ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም ያለውም እዚያ ነው። በሞተር ጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። ውኃው ጥልቀት የለውም፣ መልኩም ደፍርሶ ቡናማ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር ቋጥረው ይዘምራሉ፤ ጀልባው በተናጠ ቁጥር ግን መዝሙሩን አቋርጠው ጉማሬ እንዳይሆን ጎንበስ ብለው ያያሉ።

ትውፊቱ እንዲህ ነው፦ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ስታጠፋ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ሸሹ፤ በዚህች ደሴት 70 ዓመት ያህል ደብቀው አኖሯት፤ አገር ሲረጋጋም ወደ አክሱም መለሷት። አጥኚዎች ይህን በትውፊትነቱ ይይዙታል። ከሥልጤና ከሐረሪ የሚዛመድ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው የደሴቱ ሰዎች፣ ዘዮች፣ ግን የአባቶቻቸው ታሪክ አድርገው ይተርኩታል።

የእኔን ልብ የያዘው የታሪኩ መጨረሻ ነው። ቅድስት የተባለችው ታቦት ሄዳለች። ታዲያ እኛ የምንሳለመው ምኑን ነው? ከቅዳሴ በኋላ አንድ አረጋዊ ቄስ ጥላ ሥር አረፍ ብለው አገኘኋቸውና፣ «አባ፣ ጽዮን ወደ አክሱም ከተመለሰች እዚህ ምን ቀረ?» አልኳቸው።

«መለስን እንጂ አልተነጠቅንም፣ ልጄ» አሉኝ።

ከዚህ በላይ አላብራሩም። እኔ ግን ጥያቄዬ አቅጣጫውን ሲቀይር ተሰማኝ። ያን የመሰለ ነገር እጁ የገባ ሕዝብ «የእኛ ነው» ቢል፣ በውኃ ተከቦ ማን ያስገድደው ነበር? ትውፊቱ ስለ ታቦቷ የሚናገረውን ያህል ስለ ጠባቂዎቿም ይናገራል፦ ሰባ ዓመት ይዘው የራሳቸው አላደረጓትም። የደሴቷን ቅድስና እኔ የማየው በዚህ ታማኝነት ውስጥ ነው። ብዙ ዘዮች ዛሬ ወደ መቂና ወደ ዝዋይ ከተማ ወጥተው ይኖራሉ፤ ለበዓል ግን በጀልባ ይመለሳሉ።

ይህን ታማኝነት እኛም ሰፈር አየዋለሁ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሮጌው ልደታ ሲፈርስ ጎረቤቱ ወደ ከተማው ዳርቻ ተበተነ። ዕድር ፈረሰ፣ የቡና ማኅበርተኛ ተራራቀ። ግንቦት 1፣ የልደታ ማርያም በዓል ሲደርስ ግን ሁለት ታክሲ ቀይረው የሚመጡ አሉ፤ የማንም ግቢ ባልሆነ ሣር ላይ ንፍሮ ይካፈላሉ። ቤታቸው የለም፤ ስለቷን ግን ማንም አላፈረሰባቸውም።

እንግዲህ ለእህቴ የምመልሰው ይህን ነው። እግዚአብሔር በሁሉ ስፍራ አለ፤ አደራ ግን በሁሉ ስፍራ አይኖርም። አደራ የታወቀ ቦታና ነገ የሚጠየቅበት ሰው ይፈልጋል። አምላክ በቦታ አይወሰንም፤ በቦታ የሚወሰነው ሰው ነው፣ «ይህን ጠብቅ» ሲባል የት ቆሞ እንደሚጠብቅ ማወቅ አለበትና። በአንድ ነገር ግን እህቴ ትረታኛለች፦ የደጇን ማርያም በር ላይ የተቀመጠውን ነዳይ ረግጣ የምታልፍ ሴት፣ ሐይቅ ብትሻገርም የምትጨምረው በረከት የለም።