የእባብ ልጅ እባብ?

«የእባብ ልጅ እባብ» እንላለን። ተረቱ ለሰው የተተረተ ነው፤ የአባትን ጥፋት በልጁ ላይ መለጠፍ ሲያሻን እንመዘዋለን። ለመሆኑ ተረቱ ለእባቡስ ቢሆን እውነት ነውን?

በሕንድ ምዕራባዊ ጠረፍ በተዘረጉት የምዕራብ ጋትስ ተራሮች ደጋማ ጫካዎችና በስሪላንካ፣ ዕድሜውን አፈር ውስጥ የሚገፋ የእባብ ወገን አለ። ሳይንቲስቶች የሰጡት ስም በግሪክኛ «ጅራተ ጋሻ» እንደ ማለት ነው፤ ከ50 በላይ ዝርያዎች አሉት። ጭንቅላቱ ሹል ነው። የብዙዎቹ ጅራት ግን በቢላዋ የተቆረጠ ይመስል ደንዳናና ሻካራ ነው። በጭንቅላቱ አፈሩን እየሰረሰረ ይገባል፤ ጅራቱ ላይ የሚለጠፈው ጭቃ ደግሞ ጉድጓዱን ከኋላው ይደፍንለታል። ምግቡ በአብዛኛው የመሬት ትል ነው። እንቁላል አይጥልም፤ ይወልዳል። መርዝ የለውም፤ በእጅ ቢይዙት እንኳ መንከስ ልማዱ አይደለም።

ይህ ፍጡር በዝናብ ወራት አፈሩ ውኃ ሲጠግብ ወደ ላይ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ከመኪና ጎማ ቢያመልጥ የሰው ዱላ ይጠብቀዋል። ወንጀሉ ምንድን ነው? ስሙ።

አንባቢ እዚህ ላይ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይለኝ ይሆናል። እውነቱን ነው። በሕንድ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2019 በእባብ ተነድፎ የሞተው ሰው በዓመት በአማካይ 58,000 እንደሚደርስ ይገመታል። በባዶ እግሩ ማሳ ውስጥ የቆመን ገበሬ «ቆይ፣ መጀመሪያ ዝርያውን መርምር» ማለት በሰው ነፍስ መቀለድ ነው።

ይሁን እንጂ ፍርሃትና ፍርድ ይለያያሉ። የፈራ ይሸሻል፤ መብቱ ነው። ሸሽቶ ከቆመ፣ አይቶ ካወቀ በኋላ ተመልሶ የሚመታ ግን ፍርሃትን ምክንያት ሊያደርግ አይችልም። ያ ሰው ፈርዷል። የፈረደውም በሥራው ሳይሆን በዘሩ ነው።

«ታዲያ መኖሩ ምን ይጠቅመናል?» የሚልም አይጠፋም። ጥያቄው ራሱ ያስፈራል። ለመኖር ጥቅሙን ማስረዳት ያለበት ፍጡር ጥቅሙ ያለቀ ዕለት ይሞታላ! እንዲህ ያለውን መስፈርት ለሽማግሌ፣ ለሕመምተኛ፣ ለድኩማን ብናውለውስ?

ተረቱን የተረትነው ለሰው ነበር። እንግዲህ ያላጠፋውን በስሙ ብቻ መምታት የለመደ እጅ፣ እባቡ ላይ ለመቆሙ ማን ዋስ ይሆናል?